ሬስተን ሐይቅ ዳር ቤት ልንገዛ ነው፤ የኖራችሁበት ምከሩን

የሌሊት ፈረቃ | እሑድ ማታ

ጤና ይስጥልኝ። እኔና ባለቤቴ 11 ዓመት እዚህ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ በኪራይ ኖረን፣ አሁን እግዚአብሔር ይመስገን የራሳችንን ቤት ለመግዛት ደርሰናል። እሱ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ይሠራል፤ እኔ ነርስ ነኝ፤ አብዛኛውን ጊዜ የምሠራው ሌሊት ነው። ባለፈው ቅዳሜ እዚሁ ቨርጂኒያ ሬስተን ሄደን ሌክ አን የሚባለው ሐይቅ ዳር ያለ አንድ ታውንሃውስ፣ ከጎረቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ ቤት፣ አየን። በረንዳው ላይ ቆሜ ውኃውን ስመለከት የባሕር ዳር ልጅነቴ ከነሽታው መጣብኝ። ለባለቤቴ አልነገርኩትም እንጂ ዕንባዬ መጥቶ ነበር።

ነገር ግን ቤት የሠላሳ ዓመት ዕዳ ነው፤ በትዝታ ብቻ ልገዛው አልፈልግም። ልጆቻችን 9 እና 4 ዓመታቸው ነው፤ ውኃው ለበር ይህን ያህል መቅረቡ አያሰጋም ወይ? የቤት ባለቤቶች ማኅበር ክፍያው አንድ ነው ያሉኝ አሉ፤ ሁለት ነው ያሉኝም አሉ። የበር ቀለም ለመቀየር እንኳን ፈቃድ ይጠየቃል ሲባል ሰምቻለሁ። ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ እናቴ ናት። ከባሕር ዳር መጥታ ከእኛ ጋር ልትኖር ነው። እንግሊዝኛ አትናገርም፤ መኪና አትነዳም። እኛ ሥራ ስንውል ምን ትሆንልኛለች?

ነባር ነዋሪ | እሑድ ማታ

እህቴ፣ እንኳን ለዚህ አበቃችሁ። እኔ ሬስተን ከገባሁ 22 ዓመቴ ነው፤ ልጆቼንም እዚሁ አሳድጌ ለወግ ለማዕረግ አብቅቻለሁ። የክፍያውንና የፈቃዱን ነገር ከእኔ የተሻለ የሚያውቁ ይመልሱልሻል። እኔ ስለ ሰፈሩ ታሪክ ልንገርሽ፤ እዚያ የምታዪው ብዙ ነገር ለምን እንደዚያ እንደሆነ የሚገባሽ ከታሪኩ ተነሥተሽ ነውና።

ሬስተን ቀስ በቀስ ሰው እየተጠራቀመ የተፈጠረ ከተማ አይደለም። ሮበርት ሳይመን የሚባል የኒው ዮርክ ሰው፣ በቤተሰቡ እጅ የነበረው ካርኔጊ ሆል የተባለው ዝነኛ የሙዚቃ አዳራሽ ሲሸጥ ባገኘው ገንዘብ እ.ኤ.አ. በ1961 ከ6,700 ኤከር በላይ የእርሻና የጫካ መሬት ገዛ። «ሬስ» የሚለው በእንግሊዝኛ የሙሉ ስሙ (Robert E. Simon) መነሻ ፊደላት ናቸው። ሐይቁን ደግሞ በዚያን ጊዜ ባለቤቱ በነበረችው በአን ስም ጠራው። በ1964 መጨረሻ የመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎች ገቡ። በዚያ ዘመን አዲስ የአሜሪካ ሰፈር ሲባል ቤት ከቤት የተራራቀበት፣ ዳቦ ለመግዛት እንኳን መኪና የሚነሣበት ነበር። ሳይመን ግን ቤቶቹን አጠጋጋቸው፤ ከሱቅ በላይ ሰው እንዲኖር አደረገ፤ አደባባይ ሠርቶ በውኃው ፊት ለፊት አስቀመጠው፤ የተረፈውን መሬት ለዛፍና ለእግር መንገድ ተወው።

አንድ ነገር ግን ከሁሉም በላይ ልቤን ይነካዋል። በዚያን ጊዜ ቨርጂኒያ ጥቁርና ነጭ እንዳይጋቡ በሕግ የምትከለክል ግዛት ነበረች፤ ያ ሕግ የተሻረው በ1967 ነው። ቤት ሲሸጥ ገዢን በዘር መለየት በፌዴራል ሕግ የተከለከለው ደግሞ በ1968 ነው። ይህ ሰው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ዘር ሳይለይ ሸጠ። እኔ ሬስተን ቤት ስገዛ ማንም ቀና ብሎ አላየኝም፤ ያ እንዲሁ የመጣ ነገር አለመሆኑን ያወቅሁት ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ሰውየው ገንዘብ አጠረው፤ በ1967 ያበደረው ገልፍ የነዳጅ ኩባንያ ሥራውን ተረክቦ አሰናበተው። ሆኖም በ1993 ተመልሶ መጥቶ ሐይቁ ዳር ባለው ረጅም ሕንፃ፣ በሄሮን ሃውስ፣ መኖር ጀመረ። በ2015 በ101 ዓመቱ ነው ያረፈው። ዛሬ አደባባዩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጠ የነሐስ ሐውልቱ አለ፤ ልጆችሽ አጠገቡ ተቀምጠው ፎቶ መነሣታቸው አይቀርም።

የዝናብ ውኃ | ሰኞ ጧት

ነባር ነዋሪ የሰውየውን ታሪክ ነገረሽ፤ እኔ የውኃውን ልንገርሽ። ሙያዬ የጎርፍና የዝናብ ውኃ ምሕንድስና ነው።

መጀመሪያ ማወቅ ያለብሽ ሌክ አን እንደ ጣና እግዜር የሠራው ሐይቅ አለመሆኑን ነው። ኮልቪን ረን የሚባል ወንዝ ተገድቦ የተፈጠረ ነው። ሬስተን ውስጥ እንዲህ ያሉ አራት ሐይቆች አሉ፤ አን፣ ቶሮው፣ ኦዱቦንና ኒውፖርት። ውኃው በግድቡ አልፎ ዲፊከልት ረን ይገባል፤ ከዚያ ፖቶማክ፣ ከዚያ ቼሳፒክ የባሕር ወሽመጥ።

ሐይቁ ለዓይን የሚያምር መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሥራም አለበት። ዝናብ ሲጥል ከየጣራው፣ ከየመኪና ማቆሚያውና ከየመንገዱ የሚወርደው ጎርፍ ወደ እሱ ነው የሚገባው። ጎርፉ አፈር ይዞ ይመጣል፤ አፈሩ ጎርፉ በሚገባበት አፍ ላይ ይዘቅጣል። ዝም ከተባለ ሐይቁ ከዳር ጀምሮ እየጎደለ መጨረሻ ላይ ረግረግ ይሆናል። ስለዚህ በየጊዜው ደለሉ ተቆፍሮ ይወጣል፤ ደለል ማውጣት ደግሞ ርካሽ ሥራ አይደለም። ለሣር ከሚረጨው ማዳበሪያ፣ ከውሻና ከዝይ ኩስ የሚመጣው ፎስፈረስ ሲበዛ ውኃው በሙቀቱ ወራት አረንጓዴ አልጌ ያወጣል። በጣና ላይ እምቦጭ ምን እንዳደረገ ላየ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም፤ አረሙ የተለየ ቢሆንም ሁለቱንም የሚመግባቸው ከየብስ የሚወርደው ነገር ነው።

ስለዚህ አንድ ልመና አለኝ። ቤቱን ፀሐይ በወጣበት ቅዳሜ ብቻ አይታችሁ አትወስኑ። ከባድ ዝናብ በጣለ ማግስት ሂዱ። ውኃው ቡና በወተት መስሎ፣ ቅጠልና ፕላስቲክ ዳር ይዞ ታዩታላችሁ። ያን ጊዜም ከወደዳችሁት እውነተኛ ፍቅር ነው። በሐምሌ መጨረሻ የቀትር ሙቀት ላይም ብታዩት ጥሩ ነው።

ሌላ ብዙ ሰው የማይጠይቀው ነገር አለ። በሌክ አን ዙሪያ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ቤቶች የሚቀዘቅዙት የሐይቁን ውኃ በሚጠቀም የጋራ ማቀዝቀዣ እንዲሆን ተደርጎ ነበር የተሠሩት። የምትገዙት ቤት ከእነዚያ አንዱ ከሆነ አሁን የሚቀዘቅዘው በምን እንደሆነ፣ የራሱ ማቀዝቀዣ ገብቶለት እንደሆነ አስጠይቁ።

የሦስት እናት | ሰኞ ቀትር

ሰላም እህቴ። ስለ ልጆቹ ልመልስልሽ። ሐይቆቹ ውስጥ መዋኘት ክልክል ነው። ክረምት ሲረጋም በረዶው ላይ መውጣት ክልክል ነው፤ ይህኛውን ለልጆችሽ ደጋግመሽ ንገሪያቸው፤ በረዶ የሸፈነው ውኃ ለልጅ ሜዳ ይመስለዋልና። መዋኛ ገንዳዎች ግን በየመንደሩ አሉ፤ የማኅበሩ አባል ነዋሪ ይጠቀምባቸዋል። እኔ ቤት እንደገዛን መጀመሪያ ያደረግሁት ሦስቱንም ዋና ማስተማር ነው። በእኛ አገር ሐይቅ ዳር ተወልዶ ዋና የማይችል ብዙ ነው፤ እኔም አንዷ ነበርሁና በ38 ዓመቴ ከልጆቼ ጋር ተማርሁ። የአራት ዓመቷን ግን ዋና ብትችልም ባትችልም ውኃው ዳር ብቻዋን ለአንዲት ደቂቃ አትተያት። የአደባባዩ ጠርዝ ብዙው አጥር የለውም።

የልጅ ማሳደጊያነቱን በተመለከተ ግን በሙሉ ልቤ እመሰክራለሁ። የእግር መንገዱ ከ55 ማይል በላይ ነው፤ ብዙ ቦታ ላይ በአውራ ጎዳናው ሥር ወይም በድልድይ ያልፋል። ልጄ ጓደኛው ቤት በብስክሌት ሲሄድ መኪና የሚበዛበት መንገድ አያቋርጥም። እኔ አራት ኪሎ እንዲሁ በእግሬ ከጓደኛ ቤት ጓደኛ ቤት እየሄድሁ ነው ያደግሁት፤ ለልጆቼ ይህን አገኝላቸዋለሁ ብዬ አላሰብሁም ነበር።

ጀልባ ከፈለጋችሁ በመቅዘፊያ ወይም በኤሌክትሪክ ሞተር ነው፤ በቤንዚን የሚሠራ አይፈቀድም። ዓሣ ለማጥመድ ደግሞ 16 ዓመት የሞላው ሰው የቨርጂኒያ ፈቃድ ያወጣል።

ከዉድብሪጅ | ሰኞ ማታ

ሁላችሁም ጥሩውን ብቻ ስታወሩ ሌላው ወገን እንዳይቀር ብዬ ነው የምጽፈው። እኔ የኖርሁት ሬስተን አይደለም፤ ስሙን የማልጠራው ሌላ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ዳር ነው፤ 6 ዓመት። ወጥቼአለሁ፤ አልመለስም።

ስገዛ የወር ክፍያው የሚቻል ነበር። በአራተኛው ዓመት ግድቡ ጥገና ያስፈልገዋል ተባለና በመደበኛው ክፍያ ላይ ልዩ መዋጮ ተጣለብን። በአንድ ጊዜ የተጠየቅሁት ገንዘብ ለእናቴ መታከሚያ ያስቀመጥሁት ነበር። ማኅበሩ ለዚህ ቀን ብሎ ያጠራቀመው ተቀማጭ ባዶ እንደነበር ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ቤቱን ያሻሻጠኝ ሰው አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። በዚያ ላይ የጀልባ ማቆሚያው የእናንተ ነው ብሎ አሳምኖን ነበር። ስንገባ የጋራ ሆኖ ተገኘ።

ውኃ ያምራል። ነገር ግን የሚያምር ነገር ባለቤት መሆንና የሚያምር ነገር ዕዳ ተካፋይ መሆን ይለያያል። እህቴ፣ በኪራይ ስትኖሩ ያጠራቀማችሁት ላብ ነው፤ አስቡበት።

ነባር ነዋሪ | ሰኞ ሌሊት

ወንድሜ ከዉድብሪጅ፣ ስለ ደረሰብህ ነገር ከልቤ አዝናለሁ፤ እናትህንም እግዚአብሔር ይማራት። የጻፍኸው ከእኔ የታሪክ ትረካ ይበልጥ ለእህታችን ይጠቅማታል። በአንድ ነገር ብቻ አልስማማም። «አልጠየቅሁም» ያልኸውን እንደ ጥፋት አትቁጠረው። መጀመሪያ ቤት የሚገዛ ሰው ስለ ግድብ ተቀማጭ ከየት አውቆ ይጠይቃል? እኔም አልጠየቅሁም ነበር፤ ዕድል ሆኖ ችግሩ አልገጠመኝም። ለዚህ ነው እርስ በርስ መነጋገር ያለብን።

ሰነድ አንባቢ | ማክሰኞ ጧት

በቤት ውል መዝጊያ ቢሮ ውስጥ እሠራለሁ፤ ስለዚህ የጥያቄሽን ደረቁን ክፍል እኔ ልውሰደው።

ክፍያው ሬስተን ውስጥ አንድ አይደለም። የመላው ሬስተን ማኅበር ዓመታዊ መዋጮ አለ፤ በቅርብ ዓመታት 800 ዶላር አካባቢ ነው፤ ሐይቆቹ፣ መንገዶቹና ገንዳዎቹ የሚተዳደሩት በዚያ ነው። ታውንሃውሶቹ ደግሞ ክላስተር በሚባል ቡድን ተከፋፍለዋል፤ እያንዳንዱ ክላስተር የራሱ ማኅበርና የራሱ ክፍያ አለው። ይህ ከአንዱ ክላስተር ወደ ሌላው በጣም ስለሚለያይ የጎረቤትሽን ሰምተሽ አትወስኚ። ለማኅበረሰብ ማዕከሉ የሚውል ትንሽ ተጨማሪ የንብረት ግብርም አለ፤ ቤቱ ከተገመተበት ዋጋ በየ100 ዶላሩ 4.7 ሳንቲም ነው። ሬስተን የራሱ ከንቲባ የለውም፤ በፌርፋክስ ካውንቲ ሥር ነው፤ ዋናው የንብረት ግብርም የሚከፈለው ለካውንቲው ነው።

ስለ በር ቀለሙ የሰማሽው እውነት ነው። ከውጭ የሚታይ ለውጥ ሁሉ፣ ቀለም፣ መስኮት፣ በረንዳ፣ አጥር፣ ዛፍ መቁረጥም ጭምር፣ አስቀድሞ የንድፍ ገምጋሚዎች ፈቃድ ያስፈልገዋል። ክላስተርሽ አስቀድሞ የጸደቁ ቀለሞች ዝርዝር ይኖረዋል፤ ከእነዚያ ከመረጥሽ ቀላል ነው። የሚያስቸግረው የቀድሞው ባለቤት ያለ ፈቃድ ሠርቶ የሄደው ነገር ነው፤ ከገዛሽው በኋላ ማስተካከሉ ባንቺ ላይ ይወድቃልና።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። በቨርጂኒያ ሕግ ሻጩ ከማኅበሩ የሚወጣውን የገለጻ ሰነድ ሊሰጥሽ ግዴታ አለበት። ሰነዱ ከደረሰሽ በኋላ ውሉን ያለ ቅጣት የመሰረዝ መብት አለሽ፤ ጊዜው በውሉ ላይ የተለየ ካልተጻፈ 3 ቀን ብቻ ነው። አየሽ፣ ሰነዱ ወፍራም ነው፤ ሦስቱ ቀን ደግሞ የሌሊት ፈረቃ ላለበት ሰው ወዲያው ያልፋል። ፈረቃሽን ከባልደረባ ጋር ተለዋወጪና ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ወንድማችን ከዉድብሪጅ የጠቀሰው የተቀማጭ ገንዘብ መጠን፣ የታሰበ ልዩ መዋጮ ካለ፣ በቤቱ ላይ የተመዘገበ የደንብ ጥሰት ካለ፣ ሁሉም የሚገኘው እዚያ ውስጥ ነው።

የመሬቱን ቅየሳ ካርታም አስመጪ። ከበረንዳሽ እስከ ውኃው ያለው ቁራሽ መሬት የአንቺ ሳይሆን የጋራ ሊሆን ይችላል። የጎርፍ ነገር ደግሞ፣ ተራው የቤት መድን ጎርፍን አይሸፍንም፤ የጎርፍ መድን ለብቻው ይገዛል። በፌዴራሉ ፕሮግራም በኩል ከሆነ ከቤት ብድር ጋር አብሮ ካልተገዛ በቀር ሥራ ላይ የሚውለው ከ30 ቀን በኋላ ነው፤ ደመና ከመጣ ወዲያ መሮጥ አይጠቅምም።

የሌሊት ፈረቃ | ረቡዕ ጧት

ከሥራ ወጥቼ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ሁለት ጊዜ አነበብሁት። እግዚአብሔር ያክብርልኝ፤ ወንድም ከዉድብሪጅ፣ በተለይ አንተን። የማኅበሩን ሰነድ አስጠይቀናል። የእናቴን ጥያቄ ግን እስካሁን ማንም አልመለሰልኝም።

የሆራ ልጅ | ረቡዕ ማታ

እኔ ልመልስልሽ፤ ያንኑ ጥያቄ ተሸክሜ ነበር የገባሁት። እናቴ ከቢሾፍቱ የመጣችው በ71 ዓመቷ ነው። ከዚያ በፊት የምንኖርበት ሰፈር ትልቅ ቤት ነበረን፤ ነገር ግን የእግረኛ መንገድ አልነበረውም። እናቴ መስኮት ላይ ቆማ መኪና ስትቆጥር ትውል ነበር። ጧት ወጥቼ ማታ ስመለስ እዚያው አገኛታለሁ። አንድ ቀን «ልጄ፣ እዚህ አገር ሰው የለም ወይ?» አለችኝ። በዚያው ሳምንት ቤቱን ለሽያጭ አወጣሁት።

አሁን ከሌክ አን አደባባይ የ7 ደቂቃ መንገድ ላይ ነን። እናቴ ነጠላዋን ለብሳ ብቻዋን ትወርዳለች። መጀመሪያ እንዳትጠፋ ፈርቼ ስልክ ቁጥሬን በወረቀት ጽፌ ኪሷ ውስጥ አኖርሁ፤ አንድም ቀን አላስፈለጋትም። መንገዱ ወደ ውኃው ይወስዳታል፤ ውኃውን ይዛ ትዞራለች፤ ያው መንገድ ይመልሳታል። አደባባዩ ላይ ከሌሎች አገሮች የመጡ አሮጊቶች አሉ። እናቴ ከአንዲት ኢራናዊት ጋር አንድ የጋራ ቃል ሳይኖራቸው በየቀኑ አብረው ይቀመጣሉ፤ አንዷ ስትቀር ሌላዋ ትጨነቃለች። ቅዳሜ ጧት ከሚያዝያ እስከ ኅዳር የገበሬዎች ገበያ አለ። እናቴ ቲማቲሙን እየነካካች ትመርጣለች፤ ሻጮቹ ለምደዋታል።

ሁለት ነገር ግን አስቀድመሽ እወቂ። አፓርታማ ከሆነ በረንዳ ላይ ከሰል ማያያዝ ክልክል ነው፤ ቡናውን በኤሌክትሪክ ምድጃ ትለምደዋለች፤ የእኔዋ ለመልመድ አንድ ወር ወስዶባታል፤ አዝናም ነበር። ሌላው ቤተ ክርስቲያን ነው። በእግር የሚደረስ የእኛ ቤተ ክርስቲያን የለም፤ እሑድና በዓል ቀን የሚወስዳት ሰው ማዘጋጀት አለብሽ። በዚህ ነገር ሐይቁ ምንም አይረዳሽም። የሜትሮ ባቡሩም ከሌክ አን በእግር ግማሽ ሰዓት ገደማ ስለሚርቅ ለእሷ አይሆናትም፤ አውቶቡስ ግን አለ።

አንድ የምጨምረው አለኝ፤ ሌሎቹ ባይስማሙም። ውኃው ላይ ያለውን ቤት ተዉት። ለዕይታው የምትከፍሉት ብዙ ነው፤ የዝይው ኩስም በረንዳችሁ ሥር ነው። ሁለት መንገድ ወደ ውስጥ ግቡ። ቢሾፍቱ ውስጥ ሐይቆቻችን ዙሪያቸው በሆቴልና በመዝናኛ እየተያዘ፣ እናቴ ሆራን ለማየት መግቢያ የምትፈልግበት ዘመን ደርሷል። እዚህ ግን አደባባዩ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ከውኃው አጠገብ ያልገዛ ሰው የሚያጣው ነገር ጥቂት ነው።

የዝናብ ውኃ | ረቡዕ ማታ

በዚህ እስማማለሁ። ከዳሩ ራቅ ብሎ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያለ ቤት ምድር ቤቱም ደረቅ ይሆናል።

የሦስት እናት | ኀሙስ ጧት

እኔ አልስማማም። ጧት ስነሣ ጉሙ ከውኃው ላይ ሲነሣ የማየው ከራሴ መስኮት ነው። ይህን በገንዘብ ልተምንልሽ አልችልም፤ ግን በየቀኑ እጠቀምበታለሁ፤ በተለይ ባዘንሁበት ጊዜ። አቅሙ ካላችሁ አትፍሩ።

የሌሊት ፈረቃ | ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ዓርብ ማታ

የደረስንበትን ልንገራችሁ ብዬ ነው። እንደተባልነው ከባድ ዝናብ በጣለ ማግስት ሄድን። ውኃው እንደተባለው ጭቃ ነበር። ትንሿ ልጄ «እማዬ፣ ሐይቁ ታመመ» አለች። በረንዳው ሥር ያለው መሬት ረግረግ ሆኖ ጫማችን ሰመጠ፤ ምድር ቤቱ ውስጥም የእርጥበት ሽታ ነበረ። በሰነዱ ውስጥ ደግሞ የበረንዳው ማስፋፊያ ያለ ፈቃድ መሠራቱን የሚገልጽ ማስታወሻ አገኘን። ሰነዱ በደረሰን በሁለተኛው ቀን ውሉን ሰረዝን። ባለቤቴ በጣም አዝኖ ነበር፤ እኔም ሌሊቱን ሥራ ላይ ሆኜ ውኃው ሲመላለስብኝ አደረ።

ከዚያ የሆራ ልጅ እንዳለችው ወደ ውስጥ ገባን። ከአደባባዩ የ9 ደቂቃ መንገድ ላይ፣ በዛፍ መሐል፣ አነስ ያለ ታውንሃውስ አገኘን። ከመስኮቱ ውኃ አይታይም። የክላስተሩ ተቀማጭ በቂ መሆኑን፣ የደንብ ጥሰት አለመኖሩን አንብበን አረጋገጥን። የውል መዝጊያችን የሚቀጥለው ወር 14 ነው። እናቴ የምትደርሰው ከዚያ በሦስተኛው ሳምንት ነው፤ ከአዲስ አበባ በቀጥታ ደለስ።

የሆራ ልጅ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ። መጀመሪያ ወደ አደባባዩ ስትወርድ ብቻዋን እንዳትሆን እናትሽ አብራት ብትሆን?

የሆራ ልጅ | ዓርብ ሌሊት

ለእናቴ አነበብሁላት። «የጣና ሰው ናት?» ብላ ጠየቀችኝ፤ ነው ስላት ለቅዳሜ ምን ልጋግር ብላ ከአሁኑ ጀምራለች። ከሐውልቱ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ፣ ጧት ሦስት ሰዓት ላይ ትጠብቃታለች። ኢራናዊቷም ትኖራለች።